ለአልጋ አንጣፊዋ ምን ይሰጣል? ከጉደር ኮልፌ ደርሶ መልስ

ይህን የምጽፈው መናገር ስለ ሰለቸኝ ነው። ከኮልፌ ከተመለስን ወዲህ ደጃፌን የረገጠ ሁሉ፣ ገና ነጠላውን ሳያወርድ፣ «እውነት ነው ባዕድ ሰው አልጋ ያነጥፍልሻል?» ይለኛል። እውነት ነው ስል ደግሞ «ታዲያ ምን ሰጣችኋት?» ይከተላል። የማርያም ማኅበርተኞቼ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ «መስጠት ይገባል»፣ ግማሾቹ «ነውር ነው» ሲባባሉ ጠላው ሳይጠጣ ያድራል። ፊደል ያስቆጠረኝን አባቴን ነፍሱን ይማረውና፣ እንግዲህ ጽፌዋለሁ። የሚያነብ ያንብብ፣ የማያነብ ያስነብብ፣ እኔን ግን ተዉኝ።

ነገሩ የተነሣው ከባለቤቴ ከአቶ ሀብቴ መንጋጋ ነው። አቶ ሀብቴን ከጉደር ወንዝ ወዲህም ወዲያም የማያውቃቸው የለም፤ መራቂ ናቸው። ሰርግ ቢሆን፣ ማኅበር ቢሆን፣ አዲስ ቤት ቢገባ፣ በሬ እንኳ ቢገዛ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሲመርቁ ከሰማይ ይጀምሩና በዝናቡ፣ በእርሻው፣ በከብቱ፣ በልጁ በኩል አልፈው ጤና ላይ ይደርሳሉ። ጤና ላይ ሲደርሱ አለቀ ብሎ ቀና ያለ የዋህ ካለ ጉድ ሆነ፤ ገና ወደ ጎረቤት መሻገራቸው ነው።

ያቺ መንጋጋ ነጭ ሽንኩርት ታጭቆባት፣ ትምባሆ ተጠቅጥቆባት፣ በጠበልም ታጥባ አልሻል አለች። ገና አልፎ ጥምቀት ተቃርቦ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የሰርግ ወራት ነው። ልጅ የሚድሩ ሁሉ ተሰብስበው መጡና «ኧረ አቶ ሀብቴ፣ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ኮልፌ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም አለ ይባላል። ይሂዱና ያስነቅሉት፤ ልጆቻችን ሳይመረቁ ሊዳሩ ነው» አሏቸው። በዚህ ተነሣን።

ሰኞ

በማለዳ በበቅሎ ተነሥተን አምቦ ገባን። ያደርነው በባለቤቴ አጎት ልጅ፣ በአቶ ዳዲ ቤት ነው። ሴት ልጃቸው እግራችንን አጠበችን። ራት ሲቀርብ ባለቤቴ በጤነኛው ጉንጫቸው ብቻ በሉ፤ ሆኖም ከማንም አላነሱም። የባልና የሚስቱ አልጋ ለእኛ ተለቀቀና እነሱ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኙ። እምቢ ብንል ጠብ ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ቆመው መረቁ። ቤተሰቡ በሙሉ ተደርድሮ አሜን አለ። አቶ ዳዲም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ በቅሎዎቹን እስክንመለስ ሊጠብቁልን ተቀበሉን፣ ስንቅም ጨመሩልን። ይህን የምነግራችሁ ልማዳችንን ስለማታውቁት አይደለም፤ ልብ እንድትሉልኝ ነው። በእኛ አገር እንግዳ የሚከፍለው በአፉ ነው፤ ገንዘብ ቢያወጣ ይሰደባል። ባለቤቴ ካሚዮን ላይ የወጡት ይህንኑ ይዘው ነው።

ማክሰኞ

ካሚዮኗ ከለቀምት ቡና ጭና የመጣች ነበረች። ሹፌሩ በሻህ ይባላል፤ ቆቡን ወደ ኋላ የሚገፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ ነው። እኛን ጆንያው ላይ አወጣን። እናንተዬ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ አገር ሲያዩ ደስ ይላል፤ ወገብ ግን አይተርፍም። በቅሎ ጉድጓድ ስታይ ትዘለዋለች፣ ካሚዮን ፈልጋ ትገባበታለች።

አዲስ ዓለም ሳንደርስ ሞተሩ ጠፋ። በሻህ ወርዶ ከፊት ያለውን ብረት እያዞረ ቢታገል አልነሣ አለው። ባለቤቴ «ቆይ ልጄ» ብለው ከጆንያው ወረዱና ካሚዮኗን መረቋት። በሻህ ብረቱን እንደያዘ፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀና እንዳይል ምርቃት ነው፣ እንዳያዞር ምርቃት ነው። ሲያልቅ አንዴ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ።

«አየሽ?» አሉኝ ባለቤቴ።

«ግሎ ነበር፤ ባለቤትሽ ሲመርቁ በረደ» አለኝ በሻህ በጆሮዬ። ኋላ ግን ደንግጦ «ይቅርታ እማማ፣ ባለቤትዎ» ብሎ አረመ።

ሆለታ ኬላ ላይ ወታደሮቹ አስቁመው ወረቀታችንን አገላበጡ። አስተርጓሚያቸው ባለቤቴን ከራስ እስከ እግራቸው አየና «ሽማግሌው ይመርቁን እንጂ!» ብሎ ቀለደ። ባለቤቴ በጣታቸው ጉንጫቸውን አሳዩት። «ጥርሴን አሞኛል ልጄ» አሉ። ኬላውን አልፈን ገና ከመታጠፋችን ጥርሱ ዳነና ተሳፋሪውን በሙሉ መረቁ። ለማን እንደሚሰጡና ለማን እንደሚነፍጉ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ወደ ማታ ኮልፌ ደረስን። ኮልፌ ማለት አዲስ አበባ ገባሁ ብሎ ገና ያልገባ ሰው የሚያርፍባት ናት። ጭራሮ ተሸክመው ከተራራ የሚወርዱ ሴቶች፣ ለገበያ የሚነዱ ከብቶች፣ ጥሩምባውን የሚነፋ ካሚዮን፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ብርዱ ደግሞ እንደ ጉደር አይደለም፣ ጆሮ ይቆርጣል። በሻህ ከመንገዱ ዳር ካለ የቆርቆሮ ቤት አወረደን። በርጎ ይሉታል፤ ለማንም መንገደኛ አልጋ የሚያከራይ ቤት ነው።

የቤቱ እመቤት እትዬ የሺ ትባላለች። ጣሊያን ቤት ስትሠራ ቆይታ የራሷን የከፈተች፣ ቁልፎቿን በወገቧ የታጠቀች ሴት ናት። «ፕሬስቶ! ፕሬስቶ!» ስትል ቤቱ በሙሉ ይሮጣል፤ ቶሎ በሉ ማለቷ ነው። እኛን ግን በደግ ተቀበለችን። ለባለቤቴ ጉንጭ ሙቅ ጨርቅ አምጥታ ራሷ አሰረችላቸው።

ክፍላችን ውስጥ የሽቦ አልጋ አለ፤ ፍራሹ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ ከላዩም ሌላ ነጭ አንሶላ። ባለቤቴ በሁለት ጣት አንሥተው አዩት።

«ይህ ምንድነው?»

«የሚተኙበት ነው አባባ» አለች እትዬ የሺ።

«ሳልሞት?» አሉ።

እኔም ልቤ ፈራ፤ ነጭ በነጭ ተጠቅልሎ መተኛት ለእኛ አንድ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ ሲቀመጡ ሽቦው ጮኸ። የሰበሩት መስሏቸው ብድግ ሲሉ አሁንም ጮኸ። ጋቢያቸውን መሬት ሊያነጥፉ ሲሉ «ኧረ የከፈልንበት ነው!» ብዬ አወጣኋቸው። ጠዋት ከዚያ አልጋ ላይ ማንሣቱ ነበር የቸገረኝ።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ቁርሳችን ሻይና ዳቦ ነበር። በሻህ ቡናውን አራግፎ እስከ ቅዳሜ እዚያው ስለሚቆይ አብሮን ተቀመጠ። በጨዋታ መሐል «እንግዲህ ለአልጋ አንጣፊዋ ለሳሙና ብላችሁ ትንሽ ነገር ታስጨብጧታላችሁ» አለን።

ባለቤቴ ዳቦውን አስቀመጡ። «ለማን?»

«አልጋ ለምታነጥፈው ልጅ። ሁሉም ይሰጣል አባባ። አንዳንዱም ትራስ ሥር ይተውላታል።»

«ትራስ ሥር!» ባለቤቴ አማተቡ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር፣ ለወጣት ሴት ትራስ ሥር ገንዘብ ትቼ ልሂድ? ጉደር ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«እኔ አብሬዎት አለሁ እኮ» አልኳቸው።

«አንቺ መኖርሽ ገንዘቡ ላይ አልተጻፈም።»

በሻህ ሻዩ ትን አለው። እኔ ግን አልተውኳቸውም፤ ልጅቱ ለፍታ የምታድር ናት፣ ከሌላው ምን ይለየናል አልኩ። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ያስተናገደ እጅ ዋጋ አይወጣለትም፣ አቶ ዳዲ ገንዘብ ብሰጠው ይሰድበኝ ነበር አሉ።

«አቶ ዳዲ ቤት ለአልጋው አልከፈልንም፤ እዚህ ግን ከፍለናል።»

«የከፈልነው ለእትዬ የሺ ነው። ልጅቱ ምን አስከፈለችን? ምንም። እንግዲያው አስተናጋጃችን እሷ ናት፤ ለአስተናጋጅ የሚሰጠውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።»

አቶ ሀብቴን በክርክር የረታ ገና አልተወለደም።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ልጅቱ መጣች። ብርቄ ትባላለች፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፣ ቀጭን፣ እጇ የማያርፍ። አንሶላውን አንዴ አራግፋ ስትለቀው ራሱ አልጋው ላይ ይተኛል። በአገራችን ሴት እንግዳ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥምና እኔም ጫፉን ልይዝላት ተነሣሁ። «እማማ ይቀመጡልኝ! እትዬ ካዩኝ ጉዴ ፈላ» አለችኝ። ሁሉን ጨረሰችና ከአልጋ ሥር ፖፖውን አንሥታ ልትወጣ ስትል ባለቤቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ምን እንደሚመጣ ስላወቅሁ ቁጭ አልኩ።

«ልጄ፣ እስቲ ቆዪ» አሉ። «እጅሽ ይባረክ!»

«አሜን» አለች ብርቄ።

«የነካሽው ይለምልም፣ የያዝሽው አፈር ወርቅ ይሁንልሽ!»

«አሜን።»

ከሰማይ ጀመሩ፣ ወደ ዝናቡ መጡ። ልጅቱ የሽንት ፖፖ በሁለት እጇ እንደያዘች አንገቷን ደፍታ ቆመች። እንዳታስቀምጠው ሽማግሌ ፊት ነው፤ ይዛው እንዳትወጣ ምርቃት አይቋረጥም። ከብቱ ላይ ሲደርሱ ፖፖውን ወደ ሆዷ አስጠጋችው። ኋላ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አየሁ፤ እኔ የፖፖው ሽታ መስሎኝ ነበር። አልቆላት ስትወጣ ባለቤቴ ረክተው ተቀመጡ። «ሳሙና ያልቃል፣ ይህ አያልቅም» አሉኝ።

«አዎ፣ እሱንማ አየሁት፣ አያልቅም» አልኳቸው።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ የባለቤቴን ጉንጭ ነካ ነካ አድርጎ፣ እብጠቱ ካልጎደለ አልነካውም፣ በዚህ የመድኃኒት ውሃ እየተጉመጠመጡ ዓርብ በማለዳ ይምጡ ብሎ መለሰን። ለምሳ እትዬ የሺ ፓስታ በዘይትና በቲማቲም አቀረበችልን። ክር የሚመስል ምግብ ነው። ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ይዘው ቢስቡት ቢስቡት አላልቅ አላቸው። «ይህ ነገር ማብቂያ የለውም እንዴ?» ሲሉ «እንደ ምርቃትዎ ነው» አልኳቸው። ተቀየሙኝ፤ ሆኖም ሳህኑን ጨረሱት።

ሐሙስ

ባለቤቴ ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው የትናንቱ ምርቃት ላይ ጎረቤትን መዝለላቸው ትዝ አላቸው። ስለዚህ የዛሬው ሊረዝም ግድ ሆነ። ብርቄ ብልህ ናት፤ ፖፖውን ቀድማ አውጥታ መጣች። ቁርስ ላይ ሳለን ቶሎ አንጥፋ ልታመልጥ አስባም ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ የሰው ሐቅ የሚያስቀሩ ሰው አይደሉም፣ ሻያቸውን ትተው ተከትለዋት ገቡ። እኔም ሻዬን ጠጥቼ፣ ከበሻህ ጋር ተጫውቼ፣ ፀሐይ ሞቄ ስመለስ ገና ልጆቿን እየመረቁላት ነው፤ ያልወለደቻቸውን።

ረፋዱ ላይ ከጓሮ የእትዬ የሺን ጩኸት ሰማሁ። «ትናንትም ዛሬም ማዶ ያለው በርጎ ሰዎቼን ወሰደብኝ! ካሚዮን ሲደርስ አልጋው ገና ባዶ? ከንጋት ጀምሮ ምን ስትሠሪ ነው? ስሚኝ፣ ቅዳሜ የለቀምቶቹ ይመጣሉ። ሰው ሲወርድ አንድ አልጋ ሳይነጠፍ ባገኝ ሽርጥሽን አስቀምጠሽ ውጪልኝ!»

እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም። ከለቀምት የሚመጡት ካሚዮኖች አዲስ ዓለም አድረው ረፋዱን ኮልፌ ይገባሉ። ተሳፋሪው መንገድ አድቅቆት ይወርዳል፤ የተነጠፈ አልጋ ካላየ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ቤት ይሄዳል። እሷም የምትኖረው በዚሁ ነው።

ብርቄን ከውሃው በርሜል ዘንድ አገኘኋት። «አንቺ ልጅ፣ ያስረፈደሽ የኛ ሰውዬ ምርቃት አይደለም እንዴ? ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ምን ብዬ እማማ? ይብቃኝ ልበል? ምርቃት አቋርጦ የወጣ ሰው ምን ይበጀዋል?» አለችና ውሃውን መቅዳት ተወች። «ደግሞ አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ከእሱ ወዲህ ልጄ ብሎ የመረቀኝ ሰው የለም። ትናንት አባባ ሲመርቁኝ ቶሎ ይለቅ አላልኩም፤ ምነው ባላለቀ ነው ያልኩት። ግን እናቴ ታማ ከአልጋ አትነሣም። ከዚህ ብወጣ ምን አበላታለሁ?»

ለባለቤቴ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኋላ «የእኔ ምርቃት ሰው እንጀራ ሊያሳጣ?» አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ። አሳዘኑኝ። አሳጥረዋለሁ ብለው ቃል ገቡና በእኔ ላይ ሊለማመዱ ተነሡ።

«እግዜር ይባርክሽ» አሉ።

«እሰይ! አለቀ!» አልኩ።

«ኤዲያ! ይባርክሽ ብሎ ማቆም አለ እንዴ? በምን ይባርክሽ? የሚሰማው ሰው ይጨነቃል እኮ» አሉና ቀጠሉ። ከብቱ ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ

ብርቄ ሳትመጣ በማለዳ ወጥተን ሐኪሙ ዘንድ ደረስን። በሩን ዘግተው አስቀሩኝ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያጓሩ ሰማሁ። ሲወጡ አፋቸው በጥጥ ተሞልቷል፣ መንጋጋይቱም በወረቀት ተጠቅልላ በእጃቸው አለች። ሐኪሙ በአስተርጓሚ በኩል «እስከ ነገ ማታ ጥጡ እንዳይወጣ፣ አንድ ቃል እንዳይናገሩ» አለ። እናንተዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩትን ዝምታ አንድ ሰው በጉጠት ሰጠኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ ኮልፌ ገበያ መሐል አብሬያቸው ስሄድ ለሰላምታ እንኳ አንገታቸውን ብቻ ሲነቀንቁ ሳይ ደስ አላለኝም፤ ቤቴን የተዘረፍኩ ነው የመሰለኝ።

በርጎው ስንደርስ አልጋው ሁሉ ተነጥፎ አልቋል፤ እትዬ የሺም አትጮህም። ብርቄ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ ለባለቤቴ አመጣችላቸው። ማንም አላዘዛትም። «አባባ፣ ዛሬ እኮ ሳይመርቁኝ ወጡ» አለቻቸው፣ ሳቅ ለማለት እየሞከረች። ባለቤቴ እጃቸውን አነሡ፣ አፋቸውን አመለከቱ፣ እጃቸውን መልሰው አወረዱ። ዓይናቸው ሞላ።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ደሙ በጥጡ አልፎ ነበር። ጎህ ሲቀድ ያንን ነጭ አንሶላና ትራስ ባይ «አበስኩ ገበርኩ!» ብዬ ጮህኩ። ብርቄ ሮጣ መጣችና ሳይደርቅ ልትዘፈዝፈው ይዛው ሄደች። ደም እንደምታውቁት በአንድ ማጠብ አይለቅም። እሷ ጓሮ ስትፈትግ ረፈደ። ሌሊት በርጎው ሞልቶ ስላደረ የሌሎቹም ክፍሎች አልጋ ተመሰቃቅሎ ይጠብቃታል። ከሩቅ፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣ የካሚዮን ጥሩምባ ተሰማ።

ብርቄ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «መጡ» አለች።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ያደረጉትን ጉደር ላይ ብናገር የሚያምነኝ የለም። በዕድሜያቸው ቁርበት እንኳ አንጥፈው የማያውቁት አቶ ሀብቴ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና የአንሶላውን ጫፍ ያዙ። ብርቄ «ኧረ አባባ፣ በማርያም!» ብላ ብትለምናቸው አልሰሙም። እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ሦስታችንም ከክፍል ክፍል ሮጥን። እውነቱን ልናገር፣ ሲያነጥፉ አይችሉበትም። ወደ ራስጌ መሄድ ያለበትን ወደ ግርጌ ይጎትቱታል።

ሁለት ክፍል ሲቀር እትዬ የሺ ተሳፋሪዎቹን አስከትላ፣ በሻህም ሊወስደን መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሙ። የታመሙ ሽማግሌ እንግዳዋን ፍራሽ ላይ ጎንበስ ብለው አየቻቸው። ደሟ ፈላ።

«ብርቄ! ሽማግሌ አልጋ ታስነጥፊልኝ? በሰው ፊት ታዋርጂኝ? በቃ! ሽርጥሽን...»

ባለቤቴ እጃቸውን እያወናጨፉ ሊናገሩ ሞከሩ፤ ከጥጡ ውስጥ «እም፣ እም» ብቻ ወጣ። ልጅቱ ሽርጧን ልትፈታ እጇን ወደ ወገቧ ወሰደች። እኔ ምን ልበል? አስቤም አይደለም። እጆቼን ዘርግቼ በባለቤቴ ድምፅ ጮህኩ።

«እትዬ የሺ! ሳልመርቅሽ አልሄድም! ይህን ቤት እግዚአብሔር ይባርከው!»

«አሜን!» አሉ ከለቀምት የመጡት፣ ጓዛቸውን መሬት አድርገው። በሻህ ቆቡን አወለቀ። የእትዬ የሺ ጣት ብርቄ ላይ እንደተቀሰረ ቀረና ቀስ እያለ ወረደ። ምርቃት ተጀምሯል፣ ማን ያቋርጠዋል?

«አሜን» አለች፣ ሳትወድ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳቸው አጠገብ ቆሜ አሜን ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቃሉ የት የት እንዳለ አውቀዋለሁ። ከሰማይ ጀመርኩ። ዝናቡን በወቅቱ አዘነብኩላት። እትዬ የሺ እርሻ የላትም፤ ቢሆንም መንገዱ በዚያ ነው የሚያልፈው ብዬ እርሻዋን መረቅሁ፣ ከብቷንም አበዛሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። በዓይኔ ጠርዝ ባለቤቴ ብርቄን በክርናቸው ገፋ ሲያደርጓት አየሁ። ገባት። አንሶላዎቿን አቅፋ ከሰዉ ኋላ ሹልክ አለች። ወዲያው ከሚቀጥለው ክፍል የሽቦው ጩኸት ተሰማኝ፤ እያነጠፈች ነው። እኔም ጨመርኩ። የካሚዮኑን ጎማ መረቅሁ፣ ሹፌሩን መረቅሁ፣ የለቀምትን ቡና መረቅሁ። አንዱ አልጋ ዝም አለና የመጨረሻው መጮህ ጀመረ። «አሜን!» ይላል ሰዉ፣ «አሜን!» ትላለች ብርቄም ከግድግዳው ማዶ። ጎረቤት ላይ ስደርስ ማዶ ያለውን በርጎ እንዳልመርቀው ተጠንቅቄ ዘለልኩት።

የመጨረሻው አልጋ ዝም ሲል ብርቄ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ብቅ አለች። ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ብርቄን ለዚህ ቤት፣ ይህን ቤት ለብርቄ ያቆይልን!»

«አሜን!» አለች እትዬ የሺ፣ ከሁሉም ቀድማ፤ ምርቃቱ ሞቋት ነበር። ከዚያ ቀና አለች። «እንዴ! እማማ፣ ምን አስባሉኝ?»

ከተሳፋሪዎቹ መሐል አንድ ሽማግሌ «አሜን ብለሻል ልጄ፣ ሁላችንም ሰምተናል» አሏት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። እትዬ የሺ እኔን አየች፣ ባለቤቴን አየች። ገብታ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ብታይ ሁሉም ተነጥፎ አልቋል። ወገቧን ይዛ ሳቀች። «እርስዎስ ከባለቤትዎ ይብሳሉ!» አለችኝና ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረች። «ምን ያቆማችኋል? ፕሬስቶ! ግቡ፣ ግቡ!»

ስንወጣ ከባለቤቴ ኪስ ለሳሙና የሚሆን አውጥቼ በሰው ሁሉ ፊት ብርቄን አስጨበጥኳት። ባለቤቴ አላንገራገሩም፤ እንዲያውም ኪሳቸውን ራሳቸው ከፈቱልኝ። እንግዲህ ማኅበርተኞቼ፣ የጠየቃችሁኝ ይኸው መልሱ ነው። ሁለቱንም ስጡ። ገንዘቡን ግን አስቀድሙ፣ እሱ አጭር ነው።

ካሚዮኗ ስትንቀሳቀስ ባለቤቴ ለመልስ በተጫነው ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ ጥጡን ከአፋቸው መዝዘው አወጡት። «ኧረ ሐኪሙ ምን አለ!» ብዬ ብጮህ እጄን ገፉት። ብርቄ የታጠበውን አንሶላ በክንዷ ይዛ ወደ ማስጫው ገመድ እየሮጠች ነበር።

«ልጄ!» አሉ፣ ደም በከንፈራቸው ላይ እየወረደ። «እደጊ!»

ብጠብቅ ብጠብቅ ሌላ አልጨመሩም። ብርቄ ዞር ብላ «አሜን፣ አባቴ!» አለች፤ እግሯ ግን አልቆመም።